ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ? የልጅ ኢያሱ ሕይወትና ያልተጻፈው ሕግ

ባለፈው መንፈቅ ዓመት በዜና አጻጻፍ ትምህርት ላይ አንድ የቤት ሥራ ተሰጥቶን ነበር። ከድሮ ታሪክ አንድ ክስተት መርጠን፣ ልክ ትናንት እንደተፈጸመ አድርገን ዜና እንድንጽፍ ነው። እኔ ብዙም ሳላስብ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን የወረደበትን ቀን መረጥኩ። ቀላል መስሎኝ ነበር። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት የሚሉትን ጥያቄዎች ደርድሬ፣ መልሳቸውን አስገብቼ አስረከብኩ። ወረቀቱ ሲመለስልኝ ግን ከግርጌው በቀይ እስክሪብቶ አንዲት አጭር ጥያቄ ተጽፋለች። የተከሳሹ ወገን የት አለ? ትላለች።

እውነትም የለም! የከሰሱትን ሰዎች ቃል በሙሉ ጽፌያለሁ፣ የተከሰሰውን ሰው ግን አንድ መስመር አልሰጠሁትም። አፍሬ የተከሳሹን ቃል ፍለጋ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። ያገኘሁት ግን ከፈለግኩት ይልቅ የሚያሳስብ ሆነ። ቃሉን ያልጻፍኩት እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ያን ዕለትም ቢሆን ማንም አልጠየቀውም ነበር።

አባቶቻችን ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይላሉ። ታዲያ የማይከሰሰው ንጉሥ ሲከሰስ፣ ያውም በሌለበት ሲከሰስ፣ በምን ሕግ ነው? ማን ይከሳል? ማን ይፈርዳል? በዚህ ጽሁፍ የልጅ ኢያሱን ሕይወት ከመወለዱ እስከ ሞቱ በአጭሩ እየተረክሁ፣ ይህችን ጥያቄ ይዤ ለመሄድ እሞክራለሁ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ሌሎቹን የታሪክ ሰዎች አንቱ እያልኩ እሱን ግን አንተ እላለሁ። ንቀት አይደለም፤ ሕዝቡም ያለዘውድ በልጅነት ማዕረጉ ነው የሚያስታውሰው። በወረደበት ቀንም እድሜው ከኔና ከናንተ ብዙም አይበልጥም ነበር።

ልጅነትና አደራ

ኢያሱ በ1887 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ እንደተወለደ ብዙ መጻሕፍት ይናገራሉ። እናቱ የዳግማዊ ምኒልክ ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋ ናቸው። አባቱ ደግሞ የወሎው ገዥ ራስ ሚካኤል ሲሆኑ፣ ራስ ሚካኤል ቀድሞ መሐመድ አሊ የሚባሉ የእስልምና ተከታይ ነበሩ። በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን፣ የቦሩ ሜዳው ጉባኤ በተደረገበት በ1870 ዓ.ም. ነው ተጠምቀው ሚካኤል የተባሉት። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ። ኋላ ልጁ የሚከሰስበት ነገር ሥሩ እዚህ ነው። ሕፃኑ የተወለደው በሁለቱ ታላላቅ ሃይማኖቶች መሐል በቆመ ቤት ውስጥ ነበር።

ምኒልክ አልጋቸውን የሚወርስ ወንድ ልጅ አልነበራቸውም። በ1890ዎቹ መጨረሻ ጤናቸው እየታወከ ሲሄድ የተተኪ ነገር የግቢው ሁሉ ጭንቀት ሆነ። በመጨረሻ በግንቦት 1901 ዓ.ም. ኢያሱ አልጋ ወራሽ መሆኑ በአዋጅ ተነገረ። ልጁ ገና የአሥራ አራት ዓመት ገደማ ጎረምሳ ስለነበር ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው እንደራሴ ሆነው ተሾሙ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። አዋጁ የታሰረው በምን ነበር? በመሐላና በእርግማን ነው። ኢያሱን የሚከዳ ሰው ላይ ከባድ እርግማን ተነገረበት፣ መኳንንቱ ማሉ፣ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም ግዝቱን አጸኑት። በዚያን ጊዜ የነበረው ሕገ መንግሥት ይኸው ነው ማለት ይቻላል። ሥልጣን የሚጸናው በመሐላ ነው፤ መሐላውን የሚጠብቀው ግዝት ነው፤ የግዝቱ ቁልፍ ደግሞ በአንድ ሰው፣ በጳጳሱ እጅ ነው። አልጋ ወራሹ ቢያጠፋ ምን ይደረጋል የሚለውን ግን ማንም ወረቀት ላይ አላሰፈረውም። ማን ይገሥጸዋል? ስንት ጊዜ? በምን ማስረጃ? አልተጻፈም።

ሰው ከሥልጣን የሚወርድበት መንገድ ምን እንደሚመስል ደግሞ ወዲያው ታየ። ምኒልክ አልጋ ላይ ሲቀሩ እቴጌ ጣይቱ ሹም ሽሩን በእጃቸው አስገቡ። የሸዋ መኳንንት አልወደዱትም። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ተሰብስበው መከሩና እቴጌይቱ ከመንግሥት ሥራ እንዲርቁ፣ ባለቤታቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ አደረጉ። ፍርድ ቤት የለ፣ የጽሁፍ ሕግ የለ። ስብሰባው ራሱ ክስም ፍርድም ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ ይኸው መንገድ በአልጋ ወራሹ ላይ ተደገመ።

ዘውድ ያልደፋው ገዥ

ራስ ቢትወደድ ተሰማ በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. ሞቱ። ኢያሱ ሌላ እንደራሴ አልፈለገም። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆኖ አገሪቱን መምራት ጀመረ። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ፤ ሞታቸው ግን ለረጅም ጊዜ ለሕዝቡ በይፋ አልተነገረም። የሚገርመው ኢያሱ ከዚያ በኋላም ዘውድ አልጫነም። አባቱን በግንቦት 1906 ዓ.ም. ደሴ ላይ አንግሦ ንጉሥ ሚካኤል ሲያሰኛቸው፣ እሱ ራሱ ሳይቀባና ሳይነግሥ ቀረ። ይህም ኋላ ጎድቶታል። ቅብዐ መንግሥት ያልተቀባን ሰው ማውረድ ከተቀባው ይቀላላ!

ለመሆኑ ምን ዓይነት ገዥ ነበር? መልሱ እንደሚጽፈው ሰው ይለያያል። አንዳንዱ ለአደንና ለጨዋታ የተሰጠ፣ ግቢውን ጥሎ ወራት ሙሉ የሚዞር ወጣት ያደርገዋል። ይህ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። ከዋና ከተማው ይርቅ ነበር፤ አያቱ የሾሟቸውን ሽማግሌ ሹማምንትም አያከብርም፣ የአያቱ የሰቡ በጎች እያለ ያፌዝባቸው ነበር ይባላል።

ሌላው ወገን ደግሞ ሥራውን ይቆጥራል። በከተማው የፖሊስ ሥራ እንዲጀመር፣ የመንግሥት ንብረት እንዲቆጣጠር አድርጓል። ከሳሽና ተከሳሽ ተቆራኝተው ዳኛ ፍለጋ የሚንከራተቱበትን የቁራኛ ልማድ ለማሻሻል፣ ሌባ ሻይ የሚባለውንም ለማስቀረት ሞክሯል። ሌባ ሻይ ምን እንደሆነ ለማታውቁ፦ ዕቃ ሲጠፋ አንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ይጠጣና እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። በቃ! ማስረጃ የለ፣ ምስክር የለ፣ ክርክር የለ። ኢያሱ ሰው በእንዲህ ዓይነት ነገር ሊፈረድበት አይገባም ካሉት ሰዎች አንዱ ነበር።

ክፉ ሥራውንም መደበቅ የለብኝም። በ1904 ዓ.ም. ገደማ በደቡብ ምዕራብ ወደ ጊሚራ አገር ዘምቶ ብዙ ሕዝብ ለባርነት ተግዟል። ዛሬ አንድ መሪ እንዲህ ቢያደርግ የመጀመሪያው የክስ ነጥብ ይኸው በሆነ ነበር። ያኔ ግን ዋናው ክስ ይህ አልሆነም። መሪ በምን ጥፋት ይወርዳል የሚለው ቀድሞ ካልተጻፈ፣ ጥፋቱን የሚመርጡት አውራጆቹ ናቸው። እነሱ የመረጡት ደግሞ የሚያስቆጣቸውን ነው፣ የተጎዳው ጊሚሬ የሚያለቅስበትን አይደለም።

ክሱ

ኢያሱ በምሥራቅ በኩል ያሉትን ሙስሊም ሕዝቦች ወደ መንግሥቱ ለማቅረብ ብዙ ደከመ። ሐረርና ድሬዳዋ ይመላለሳል፣ ከሶማሌና ከአፋር ባላባቶች ጋር ይወዳጃል፣ ከሙስሊም ባላባት ቤቶች ይጋባል፣ መስጊድ ያሠራል። ይህ በእስልምና ተከታዮች ዘንድ ወዳጅ ሲያፈራለት፣ በሸዋ መኳንንትና በካህናቱ ዘንድ ጥርጣሬ አሳደረበት። ያው ሰው አዲስ አበባ ላይ ቀጨኔ መድኃኔዓለምን ማሠራቱን ግን ከክሱ ጋር አንስቶ የሚያመዛዝን አልነበረም።

በዚህ ላይ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ኢትዮጵያን በዙሪያዋ የያዟት እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን በአንድ ወገን ሆኑ። ኢያሱ ደግሞ ልቡ ወደ ጀርመንና ወደ ቱርክ አዘነበለ። በሶማሌ ምድር እንግሊዞችን ከሚወጋው ከሰይድ መሐመድ አብዲሌ ሐሰን ጋርም ተላላከ። ሦስቱ መንግሥታት ተጨነቁ። በመስከረም 1909 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለአዲስ አበባው መንግሥት በአንድነት የተቃውሞ ደብዳቤ አቀረቡ።

የከተማው ወሬ ደግሞ ከደብዳቤው ይፈጥን ነበር። ኢያሱ ሰልሟል ተባለ። ጥምጥም ጠምጥሞ የሚያሳይ ፎቶግራፍም በሰው እጅ ሲዘዋወር ነበር ይባላል። ኋላ የመጡ ብዙ ጸሐፊዎች ተቀነባብረው የተሠሩ ፎቶዎች እንደነበሩ ይናገራሉ። እኛ ጋዜጠኝነት የምንማር ሰዎች እዚህ ጋ ጆሯችንን ማቆም አለብን። ፎቶ አይዋሽም የሚባለው ተረት በአገራችን ፖለቲካ የተፈተነው ኮምፒዩተር ከመምጣቱ በጣም በፊት ነው። ፎቶው እውነተኛ ቢሆን እንኳ ጥምጥም ምን ያረጋግጣል? የአገሩን ሰው ልብስ የለበሰ ሁሉ ሃይማኖቱን ቀየረ ማለት ነው እንዴ? ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ዳኛ ያስፈልግ ነበር። አልነበረም።

ነገሩን ያፋጠነው ግን ሹመት ነው። በ1908 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ኢያሱ ደጃዝማች ተፈሪ መኮንንን ከአባታቸው አገር ከሐረር አንስቶ ወደ ከፋ አዛወራቸው። ሐረር ለተፈሪ ተራ ግዛት አይደለችም። የተነኩት ተፈሪ፣ የተናቁት የምኒልክ ሹማምንት፣ የተቆጡት ካህናትና የሠጉት የውጭ መንግሥታት በአንድ ሰው ላይ ተገናኙ።

ያቺ የመስቀል ቀን

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የመስቀል በዓል ነው። መኳንንቱ፣ ካህናቱና ሠራዊቱ በቤተ መንግሥቱ ተሰበሰቡ። በጦር ሚኒስትሩ በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ክብደት የተደገፈው ይህ ስብሰባ ክሱን ሰማ። ዋናው ነጥብ ኢያሱ ሃይማኖቱን ክዷል የሚል ነው። ተከሳሹ ያን ዕለት ሐረር ነበር። አልተጠራም፣ ጠበቃ አልቆመለትም፣ ቀን አልተቀጠረለትም።

እዚህ ላይ በፍትሐ ነገሥት ውስጥ አንድ መሠረት ነበራቸው። ፍትሐ ነገሥት ስለ ነገሥታት በሚናገርበት ክፍል ከሃይማኖት የወጣ ንጉሥ ከዚያች ቀን ጀምሮ ንጉሥ ሳይሆን ዐመፀኛ እንደሆነ ይደነግጋል። ስለዚህ ሕግ ፈጽሞ አልነበረም ማለት ስህተት ነው። ምክንያቱ ተጽፏል። ያልተጻፈው ሥነ ሥርዓቱ ነው! ከሃይማኖት መውጣቱን የሚያጣራ ማነው? ምስክር ስንት ነው? ንጉሡ እስኪጠየቅ ስንት ቀን ይጠበቃል? አንድ ሕግ ጥፋቱን ብቻ ጽፎ አጣሪውን ካልጻፈ፣ ጠመንጃ ያለው ሰው አጣሪ ይሆናል።

በዚያ ቀን ያመነቱት አንድ ትልቅ ሰው አቡነ ማቴዎስ ናቸው ይባላል። ቢያመነቱ አይፈረድባቸውም። በኢያሱ ስም መሐላውን ያስፈጸሙት፣ ከጂውን የገዘቱት ራሳቸው ናቸው። አሁን ደግሞ ያንኑ ግዝት ፍቱ ተባሉ። ካመነቱ በኋላ ፈቱት፤ ኢያሱም ተገዘተ። በምትኩ የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ተፈሪ ደግሞ ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ። በአንድ ቀን ክስ ቀረበ፣ ፍርድ ተሰጠ፣ ተተኪም ተሾመ። ለቤት ሥራዬ ስጽፈው ይህ ፍጥነት አስደስቶኝ ነበር፤ ዜናው ያምራል። አሁን ሳነበው ግን ያስፈራኛል።

ለአውራጆቹም እንፍረድ ካልን የሚሉት አላቸው። አገሪቱን የከበቡት ሦስት ኃያላን ናቸው፤ መሪው ደግሞ ግቢው ውስጥ አይገኝም፣ ምክር አይሰማም። ጦርነት ውስጥ ቢከታትስ? ዝም ብለን አገር ይጥፋ? ቢሉ እውነት አላቸው። ስለዚህ መውረድ ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚለውን እኔ አልፈርድም። የምለው አንድ ነገር ነው። መውረድ የነበረበት ቢሆን እንኳ፣ የሚወርድበት የታወቀ ደረጃ ስላልነበረ ከሰገነት ላይ ተወረወረ። ሰው ሲወረወር ደግሞ ብቻውን አይወድቅም።

ሰገሌ

ንጉሥ ሚካኤል ልጃቸው ወረደ ሲባል ዝም ይላሉ? በሳቸው ዓይን የተፈጸመው ክህደት ነው። የማሉ ሰዎች መሐላቸውን አፈረሱ። የወሎን ጦር አስከትተው ወደ ሸዋ ገሠገሡ። ቶራ መስክ ላይ የሸዋውን ራስ ልዑል ሰገድን ገጥመው ድል አደረጉ፣ ራሱም እዚያው ወደቁ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ዋናው ጦርነት ሰገሌ ሜዳ ላይ ሆነ። ከመስቀሉ ስብሰባ ልክ አንድ ወር በኋላ ማለት ነው።

በሰገሌ ሜዳ ወሎዬና ሸዌ፣ ክርስቲያንና ክርስቲያን፣ አማችና አማች ተፋጀ። በሺህ የሚቆጠር ሰው አለቀ። ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ፣ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላም በእስር እንዳሉ አረፉ። ኢያሱ ራሱ ከሐረር በኩል የመጣው ጦሩ ሚኤሶ ላይ ተመትቶበት ወደ አፋር በረሃ ስለሸሸ ለአባቱ አልደረሰላቸውም። ዘውዲቱ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ዘውድ ደፉ።

ያ ሁሉ ወታደር የሞተው ለምን ነበር? ኢያሱ ሰልሟል ወይስ አልሰለመም የሚል ጥያቄ ለመመለስ? ጥያቄውስ ተመለሰ? ዛሬም ድረስ የታሪክ ሰዎች ይከራከሩበታል። ሰገሌ ያረጋገጠው ማን ብዙ ጦር እንዳለው ብቻ ነው።

በንጽጽር እንይ

እስቲ ሕግ በተጻፈበት አገር ምን እንደሚሆን ለማየት ከሰገሌ አርባ ስምንት ዓመት ወደኋላ፣ ወደ አሜሪካ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1868 ፕሬዝዳንት አንድሩ ጆንሰን ከምክር ቤቱ ጋር ክፉኛ ተጣሉ። ያም የመጣው ስድስት መቶ ሺህ ያህል ሰው የጨረሰው የርስ በርስ ጦርነት ባበቃ በሦስት ዓመቱ ነው፤ ቂሙ ገና አልደረቀም። የጦር ሚኒስትራቸውን ሕግ ጥሰው ሻሩ ተባሉ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ግን መንገዱን አስቀድሞ ጽፎት ነበር። የተወካዮች ምክር ቤት በድምፅ ብልጫ ይከሳል፤ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ምሎ ይሰማል፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዝዳንት ችሎቱን ይመራል፤ ለማውረድ ከሦስቱ እጅ ሁለቱ ድምፅ ያስፈልጋል። ከሳሽ አይፈርድም፣ ፈራጅ አይከስም።

ክርክሩ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ተካሄደ። የጆንሰን ጠበቆች ቆመው ተከራከሩ፣ ምስክር ተሰማ። ድምፅ ሲሰጥ 35 ሰዎች ጥፋተኛ፣ 19 ሰዎች ነፃ አሉ። ለማውረድ 36 ያስፈልግ ስለነበር ጆንሰን በአንድ ድምፅ ተረፉ፤ ዘመናቸውንም ጨርሰው ወጡ። ጆንሰን ጥሩ መሪ ነበሩ ማለቴ አይደለም፤ ነፃ ለወጡት ጥቁሮች መብት ጠንቅ እንደነበሩ የሚናገሩ ብዙ ናቸው። ግን የተሸነፉት ከሳሾች እንኳ ወደ ቤታቸው ገቡ እንጂ ጦር አላነሱም። ለምን? ምክንያቱም ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ሕጉን ሁሉም ያውቀው ነበር።

ያለ ፍርድ የቀረ እስረኛ

ወደ ኢያሱ እንመለስ። ለዓመታት በአፋር፣ በወሎና በትግራይ ሲሸሽ ቆይቶ በ1913 ዓ.ም. ተያዘ። ሰላሌ ፍቼ ላይ በራስ ካሣ ጥበቃ ሥር ታሰረ። እስሩ ምቾት ነበረው የሚሉ አሉ። ይሁን። የምቾት እስር ግን ከእስርነት አያልፍም፤ የሚያበቃበት ቀን የተቆረጠለትም አልነበረም።

በግንቦት 1924 ዓ.ም. ከእስር አመለጠ። በማምለጡ እጃቸው አለበት የተባሉት የጎጃሙ ገዥ ራስ ኃይሉ ናቸው፤ ኢያሱ ልጃቸውን ወይዘሮ ሰብለ ወንጌልን አግብቶ ነበርና አማቹ ናቸው። ብዙም ሳይቆይ ኢያሱ እንደገና ተያዘ። ራስ ኃይሉ ችሎት ፊት ቀርበው ሞት ተፈረደባቸውና ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠላቸው። ልብ በሉልኝ፣ አስመልጧል የተባለው ሰው ተከሶ ፍርድ አገኘ። ያመለጠው ሰው ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንድ ችሎት ፊት ቆሞ ክሱ አልተነበበለትም።

ከዚያ በኋላ ኢያሱ ሐረርጌ ወደሚገኘው ጋራ ሙለታ ተወሰደ። ጣሊያን አገሪቱን በወረረበት ወቅት፣ በኅዳር 1928 ዓ.ም. እዚያው ሞተ። አርባ ዓመቱ ነበር። በሕመም ነው ያሉ አሉ፣ ተገድሎ ነው ያሉም አሉ። መቃብሩ የት እንደሆነ እንኳ በእርግጠኝነት አይታወቅም። ፍርድ ያላገኘ ሰው መቃብርም አላገኘም።

ከእሱ በኋላ የተጻፈው ሕግ

አንድ አገር ከእንዲህ ያለ ታሪክ በኋላ ሕገ መንግሥት ሲጽፍ ምን ይጽፋል ብላችሁ ትገምታላችሁ? መሪ የሚወርድበትን ሥርዓት? አይደለም። የመጀመሪያው የጽሁፍ ሕገ መንግሥት ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ታወጀ። ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ሲሆኑ የጃፓንን ሕገ መንግሥት አይተዋል። ኢያሱ ያኔ በሕይወት አለ፣ ፍቼ ታስሯል። ሕጉ ዘውዱን ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘር ካጸና በኋላ፣ የንጉሠ ነገሥቱ አካል የተቀደሰ፣ ክብራቸው የማይደፈር፣ ሥልጣናቸው የማይከራከሩበት ነው አለ። በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም ይህንኑ ደገመው፤ ንጉሠ ነገሥቱ የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይ መሆን እንዳለባቸውም አከለ። የኢያሱ ክስ በአንቀጽ ሆኖ ገባ ማለት ነው። ችሎቱ ግን አሁንም አልገባም።

የተማሩት ትምህርት ተገለባበጠ። ንጉሥ የሚወርድበት በር አደገኛ ነው ብለው በሩን በግንብ ዘጉት። በር የሌለው ቤት ደግሞ በእሳት ቀን ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን አወረደ። አንድ ወረቀት ተነበበላቸውና በትንሽ ቮልስዋገን ተጭነው ሄዱ። በዚያው ዕለት ሕገ መንግሥቱ ታገደ፣ ፓርላማው ተበተነ። ያን ዕለትም ለተወራጁ ቃሉን የሚሰጥበት ችሎት አልነበረም። በነሐሴ 1967 ዓ.ም. እሳቸውም በእስር ላይ እንዳሉ ሞቱ። ኢያሱን ከስሶ አልጋውን የወረሰው ወገን አለቃ፣ ከሃምሳ ስምንት ዓመት በኋላ ያው የሥርዓት ጉድለት ራሳቸውን በላቸው። ሥርዓቱን በዘመናቸው አበጅተውት ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚጠቅመው ለሳቸው ነበር።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በዚህ ረገድ ብዙ ነገር ለወጠ። ርዕሰ ብሔሩ ፕሬዝዳንት ነው፤ በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይመረጣል፤ የሥራ ዘመኑ ስድስት ዓመት ነው፤ ከሁለት ጊዜ በላይ አይመረጥም። ትልቅ ነገር ነው። ሥልጣን ቀን ተቆርጦለታል። ይሁን እንጂ ስለ ፕሬዝዳንቱ የሚናገሩትን ከአንቀጽ 69 እስከ 71 ያሉትን ሦስት አንቀጾች አንብቡ። ዘመኑ ሳያልቅ ፕሬዝዳንቱ ከባድ ጥፋት ቢያጠፋ ማን ይከሰዋል፣ ማን ይሰማዋል፣ በስንት ድምፅ ይነሳል የሚለውን አይዘረዝሩም። የፕሬዝዳንቱ ሥልጣን አነስተኛ ስለሆነ ችግር የለውም የሚል ይኖራል። ሊሆን ይችላል። ግን ሥርዓት የሚጻፈው በሰላም ቀን ነው። በ1901 ዓ.ም. ያ አዋጅ ሲነገር የተሰበሰበው ሕዝብ ሁሉ ደስተኛ ነበር፤ ያን ቀን ስለ ማውረድ የሚያነሳ ሰው ቢኖር እንደ ሟርተኛ ይቆጠር ነበር።

የሚያወርደውን ሥርዓት መጻፍ ሟርት አይደለም። መሪውን ከስም ማጥፋት፣ ከተቀነባበረ ፎቶ፣ ከአንድ ቀን ስብሰባ ይጠብቀዋል። ሕዝቡን ደግሞ ከመጥፎ መሪና ከሰገሌ ይጠብቀዋል። ሁለቱንም!

የቤት ሥራዬን እንደገና ጻፍኩት። ርዕሱን አልቀየርኩም፣ መግቢያውንም አልቀየርኩም። መጨረሻው ላይ ግን አንድ አንቀጽ ጨመርኩ። ተከሳሹ ያን ዕለት ሐረር እንደነበር፣ እንዳልተጠራ፣ ስለቀረበበት ክስ ምላሹን የጠየቀው እንደሌለ ጻፍኩ። ወረቀቱ ሲመለስ ሁለት ነጥብ ተጨምሮልኛል። ኢያሱ ግን ያቺን አንቀጽ ሳያገኝ ነው ጋራ ሙለታ ላይ የቀረው።